የቦያን ትከሻ

ቦያን የሞተው ሐሙስ ዕለት በልምምድ ላይ፣ ጓደኛው አሰን ምንጣፉ ላይ ከጣለው በኋላ ነው። መርማሪ ዝላትካ ከሮዶፒ ተራሮች ሥር ወዳለው የትግል አዳራሽ ስትደርስ አስከሬኑ ተነስቷል። አሰን ግን ማሊያውን እንደለበሰ ምንጣፉ ጫፍ ላይ ተቀምጧል።

«እኔ ነኝ የገደልኩት» አላት ሳትጠይቀው። ድምፁ ውስጥ ልቅሶ አልነበረም።

«እንዴት ጣልከው?»

«እንደ ሁልጊዜው። እንደውም ‹አያቴ ትሻላለች› ብሎ ስቆብኛል። ለመነሳት ሲሞክር ተዘረረ።»

«ዛሬ የተለየ ነገር አልነበረም?»

አሰን አሰበ። «ሁላችንም በጭንቅላታችንና በእግራችን ተደግፈን ጀርባችንን ስናጎብጥ አሰልጣኙ ‹አንተ ተወው› አለው። ትከሻውን ያመው ነበር። ፑሽ አፑን ግን ሠርቷል፤ ገመዱንም ወጥቷል።»

አሰልጣኙ ዶብሪ የሟቹ አባት ነው። ፎጣ ያጥፋል፤ ያጠፈውን ይፈታና እንደገና ያጥፋል።

«ልጅዎ ጭንቅላቱን ተመትቶ ነበር?»

«በጭራሽ። ሰኞ ትከሻውን ነው የተጎዳው። ሐኪሟን ይጠይቋት።»

የክለቡ ሐኪም ሩሚያና አላመነታችም። «አባቱ ይዞት መጣ። በረዶ ያዝኩለት፣ በፋሻ አሰርኩት። ያበጠ ነገር ግን አላየሁም።»

«ልጁ ራሱ ምን አለ?»

«የሚናገረው አባቱ ነበር። እሱ መብራቱን ሸሽቶ ዓይኑን ጨፍኗል። እንቅልፍ ያጣ መስሎኝ…» አልጨረሰችውም።

በማግስቱ ዝላትካ ሦስቱንም አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«የአስከሬን ምርመራው ትከሻው ደህና ነው ይላል። ጭንቅላቱ ውስጥ ግን ቀናት ያለፉት ጉዳት ተገኝቷል። የተናወጠ አንጎል ሳያገግም እንደገና ከተመታ ቀላል ምት ይበቃዋል፤ ያብጣል። አሰን፣ ያንተ አጣጣል ጤነኛ ሰው አይገድልም።»

አሰን ቀና አላለም።

«ታዲያ ስለ መጀመሪያው ምት ማን ያውቅ ነበር? ትከሻው የታመመ ሰው የሚከለከለው ፑሽ አፕና ገመድ ነው። ቦያን የተከለከለው ግን ጭንቅላቱ ላይ የሚደገፍበትን ብቻ ነው። የከለከለው ሰው የሚያመው የት እንደሆነ ያውቃል። ለሐኪሟ ትከሻውን ያሳያትም እሱ ነው፤ ጭንቅላቱን ብታይ ከውድድር ታግደው ነበር።»

ሁሉም ወደ ዶብሪ ዞሩ።

«ሰኞ ብቻችንን ስንለማመድ የጣልኩት እኔው ነኝ» አለ ዶብሪ። «በጭንቅላቱ ወረደ። ‹አባዬ፣ ያጥወለውለኛል› አለኝ። እሁድ የብሔራዊ ቡድን ምርጫ አለ፤ ከዚያ ታርፋለህ አልኩት።» ሐኪሟን አያት። «ቢያርፍ ኖሮ?»

«ሕመሙ ጨርሶ እስኪተወው ቢያርፍ፣ ከዚያ ቀስ በቀስ ይመለስ ነበር» አለች ሩሚያና።

ዶብሪ የአውቶቡስ ሰዓት እንደተነገረው ሰው ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ወደ አሰን ዞረ። «‹እኔ ነኝ የገደልኩት› ስትል ሰምቼህ ነበር። ሰምቼ ዝም አልኩ።»



ዝላትካና ዶብሪ የፖሊስ መኪናው ውስጥ ከገቡ በኋላ ዶብሪ «እናቱ ከትናንት ጀምሮ አሰንን እየረገመች ነው» አለ። «ወደ ጣቢያ ከመሄዳችን በፊት ራሴ ልንገራት።»

ዝላትካ መኪናውን ወደ ቤቱ አዞረች።