የ1928ቱ ሽጉጥ

አቶ ገብረዮሐንስ አፍንጮ በር ባለው በገዛ ቤታቸው፣ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ሞተው ተገኙ። ማጅራታቸውን ተመተዋል። ፊት ለፊታቸው፣ ጠረጴዛው ላይ፣ ሰፈሩ በሙሉ የሚያውቀው አሮጌ ሽጉጣቸው ተጋድሟል።

ገዳዩ አልወሰደውም።

ወሬው ፒያሳ ለመድረስ ታክሲ እንኳን አልጠበቀም። ነጋዴው ካላዩ ጆሮም ገባ።

ካላዩ የጥንት ዕቃ ነጋዴ ነው። ሱቁ ከፒያሳው ፈረሳ የተረፈች፣ አራተኛ ሰው ከመጣ አንዱ መውጣት ያለበት ጠባብ ክፍል ናት። ምላሱ ግን ከጊዮርጊስ ተነስቶ አራት ኪሎን ዞሮ ይመለሳል። የዛገ ቁልፍ ካሳዩት የቤተ መንግሥት ነው። የቆመ ሰዓት ከሆነ ንጉሥ አስረውት ነበር። ሟቹ ሽማግሌ ባለፈው ወር ሽጉጣቸውን ሊያስገምቱት መጥተው ነበር። እሳቸውን ከሸኘ በኋላ ካፌ ገባ፤ ባንኮኒውን ተደግፎ፣ "ዛሬ በዚህ እጄ የያዝኩት ሽጉጥ ቦሌ ላይ ፎቅ ይገዛል" አለ። "ሮም ቢሰሙ አውሮፕላን ልከው ነው የሚያስወስዱት።"

ካፌው ሰማ። ካፌው ከሰማ አዲስ አበባ ሰማች።

አሁን ኢንስፔክተር ጽዮን ሱቁ ውስጥ ቆማለች። ሽጉጡን ከላስቲክ ከረጢት አውጥታ በጨርቅ ላይ አስቀመጠችው።

"ይህን ያውቁታል?"

"እህቴ፣ እኔ የማላውቀው መሣሪያ ገና..."

"እህትዎ ቤትዎ ናት። ያውቁታል?"

"አውቀዋለሁ።"

"ፎቅ ይገዛል ብለዋል።"

"የካፌ ወሬ ነው።"

"እንግዲህ ያስቡት። ወሬዎን ሰምቶ የመጣ ሌባ ፎቁን ጠረጴዛ ላይ ጥሎ አይሄድም። ጥሎት የሄደው ዋጋ እንደሌለው የሚያውቅ ሰው ነው። ማን ያውቃል?"

ካላዩ በልቡ ቆጠረ። አንድ ሰው አገኘ። ራሱን። ሸሚዙን የበላው ላብ ቀበናን ይሞላ ነበር።

"ደላላው ሙዓዊያ ቢሆንስ? እየደጋገመ ይጠይቀኝ ነበር።"

"ሙዓዊያ ያን ዕለት መኪና ገጭቶ እኛ ጣቢያ ነው የዋለው። ሌላ?"



በሩ ተከፈተ። የገባው ዘርዓብሩክ ነው፤ የሟቹ የወንድም ልጅ፣ እዚያው መንገድ ላይ ወርቅ ቤት ያለው። ጥቁር ጃኬት ለብሷል። ጢሙን አልተላጨም።

"አጎቴን ያስበላው ይህ ምላስ ነው" አለ። "ጋሽ ካላዩ፣ ምን በደልንህ?"

"ውጭ ይጠብቁ" አለችው ኢንስፔክተሯ።

"ሲያዝ ማየት እፈልጋለሁ።" ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ቆመ።

ኢንስፔክተሯ ለካላዩ ጓንት አቀበለችው። "ይገምቱት። ዛሬ ግን እውነቱን።"

ጓንቱን አጥልቆ አነሳው። የጣሊያን ቤሬታ ነው። ጥቁረቱ ለቆ ብረቱ ገጥጧል። አፈሙዙን ዝገት በልቶታል፣ የእጀታው ጥግ ተሸርፏል። ላዩ ላይ ሞዴል 1934 ይላል። ያው ነው፤ ምንም አልተለወጠም።

ወደ ብርሃኑ አዘነበለው። ከጎኑ የተሠራበት ዓመት ተቀርጿል። 1928።

እንደገና አነበበው።

"ይሄ የእሳቸው አይደለም፤ ተመሳስሎ የተተካ ነው" አለ።

"እንዴት አወቁ?"

"የእሳቸው 1936 ነው የሚለው። አጠገቡም የፋሺስቱን ዘመን የሚቆጥር የሮማ ቁጥር አለው።"

"ምን ያወራል ይሄ?" አለ ዘርዓብሩክ። "የ1928ቱ ነው እንጂ። አያቴ በ1928 ከጣሊያን መኮንን የማረኩት። ቤታችን ውስጥ ስሙ ራሱ 'የ1928ቱ' ነው።"

"በእኛ አቆጣጠር" አለ ካላዩ። "ጣሊያን በእኛ አቆጣጠር አይቀርጽም። እኛ 1928 ያልነውን እሱ 1936 ይለዋል። በእሱ 1928 ይህ ሞዴል ገና አልተወለደም። ቁጥሩን የጻፈው አበሻ ነው። ያውም የቤቱን ታሪክ የሚያውቅ። ይዩት፣ ብረቱ ዝጎ ቁጥሩ ውስጡ ያበራል።"

"ሽማግሌውን ለማታለል?" አለች ኢንስፔክተሯ።

"ዓይናቸው ደክሞ ነበር። ሲያወሩኝ ቁጥሩን በአውራ ጣታቸው እየዳበሱ ነው። የለወጠባቸው ሰው ይህን ያውቃል። የእውነተኛውን ሽጉጥ ቁጥር ግን ልብ ብሎ አላየውም፤ ስሙን ብቻ ነው የያዘው።"

ይህን ሲል ዓይኑ ዘጠኟ ላይ አረፈ። ጅራቷ ወደ ውስጥ እንደ ቀንድ አውጣ ተጠቅልላለች።

ይህችን ዘጠኝ ያውቃታል።

ጓንቱን አወለቀ። የጋብቻ ቀለበቱን አወለቀ። ከውስጥ በኩል የሠርጉ ዓመት ተቀርጿል፤ 1999። ሦስቱም ዘጠኞች ጅራታቸው ተጠቅልሏል። ቀራጩ አሁን ከጀርባው ቆሟል። የሚተነፍሰው ይሰማዋል።

ከተማውን በወሬ ያጥለቀለቀው ሰውዬ ቀለበቱን በጣቱ እየገፋ ሽጉጡ አጠገብ አደረሰው።

ኢንስፔክተሯ አንዱን አየች። ሌላውን አየች።

"ቀለበቱን ማን ነው የቀረጸልዎ?"

ካላዩ በዓይኑ ብቻ ወደ ኋላው አመለከተ።

"ማንም እንዳይንቀሳቀስ" አለ ዘርዓብሩክ።

እጁ ከጃኬቱ ኪስ ወጥቷል። የያዘው እውነተኛውን ሽጉጥ ነው።

"ያስቀምጡት" አለች ኢንስፔክተሯ።

"አጎቴ በጣቱ ለየው" አለ። "ሌባ አለኝ። ፎቅ በጨርቅ ጠቅልሎ ሻይ በዳቦ የሚበላ ሰው፣ እኔን ሌባ አለኝ። ዘነዘናው አጠገቤ ነበር።" አፈሙዙ ወደ ካላዩ ግንባር ዞረ። "ገዢ እንኳን አላገኘሁለትም። ቤቴ ይፈተሻል ብዬ ይዤው እዞራለሁ። ፎቅ ያልከው አንተ ነህ።"

ካላዩ የሚናገረው ነገር ነበረው።

ቃታው ተሳበ።

ቀጭ።

ደገመው። ቀጭ። ሦስተኛውን ሳይስብ ኢንስፔክተሯ ክንዱን ጠምዝዛ ፊቱን ባንኮኒው ላይ አጋደመችው።

ፖሊሶች ዘርዓብሩክን ይዘው ሲወጡ ካላዩ ወለሉ ላይ ተቀምጦ ነበር። ከንፈሩ አሁንም ይንቀጠቀጣል።

"እንደማይተኩስ ያውቁ ነበር?" አለችው ኢንስፔክተሯ።

"ጥይቱን የሚመታው መርፌ ጫፉ ተሰብሯል። ያን ቀን አይቼዋለሁ።"

"ታዲያ ለምን እንዲህ ይንቀጠቀጣሉ?"

"አስጠግኖት ቢሆንስ?"

ኢንስፔክተሯ እውነተኛውን ሽጉጥ ከረጢት ውስጥ ከተተችው። "ስንት ያወጣል?"

"በዚህ ዝገቱ፣ በዚህ መርፌው... የብረት ዋጋ። ለእሳቸው ነበር ውድ።"

"ይህን ለእሳቸው ነግረዋቸዋል?"

ራሱን ነቀነቀ። አልነገራቸውም።

"ፎቅ ያሉት ለምንድን ነው ታዲያ?"

ካላዩ ቀለበቱን ከባንኮኒው ላይ አንስቶ አጠለቀ።

"የካፌው ሰዎች ማኪያቶ ጋበዙኝ" አለ።