ስድስተኛው ነጥብ

ቅዳሜ ጠዋት ከተራራ ነፍስ አድን ቡድን ስልክ ሲደወል ያነሳችው ክሴኒያ ባቲች ነበረች። ሎይዜ ማቭሪች ከአይዶቭሽቺና ከተማ በላይ ባለው ደጋ ላይ፣ አፉ በበረዶ በተሸፈነ ጥልቅ የድንጋይ ጉድጓድ ውስጥ ሞቶ ታይቷል። ቡርያ የሚሉት ነፋስ ገመድ ስለማያስወርድ አስከሬኑ ገና አልወጣም፤ የያዘው ጂፒኤስም ደረት ኪሱ ውስጥ እንዳለ ነው።

ክሴኒያ ስልኩን ዘጋች። ሎይዜ እሷ የምትሠራበት የውሃ ጥናት ተቋም የመስክ ሰው ነበር፤ ዓመቱን ሙሉ ጫካ ለጫካ እየዞረ የከርሰ ምድር ውሃ መለኪያዎችን ያነባል። የዘንድሮዎቹን ስድስት መለኪያዎች በበልግ የቀበሩት ሌሎች ስለነበሩ፣ በዚህ በረዶ ቦታቸውን ሊያገኝ የሚችለው እሷ አዘጋጅታ በሰጠችው የጂፒኤስ ነጥብ ብቻ ነው።

የክፍሉ ኃላፊ ፕሮፌሰር ሲልቮ ክራፔዥ ወሬውን ሲሰማ ወንበር ስቦ አስቀመጣትና ትከሻዋን ያዘ።

«ስሚኝ የኔ ልጅ። የድሮውን ቁጥር ሳትለውጪ የአዲሱን ስም ለጥፈሽበታል፤ ሌላ ምንም አይደለም። ማንም ላይ የሚደርስ ነገር ነው። አሁን ፋይሉን አትክፈቺ፣ ለፖሊስም አትቀባጥሪ። እኔ አለሁልሽ።»

ክሴኒያ በሁለት እጇ ፊቷን ሸፍና አለቀሰች። ፋይሉን አልከፈተችም። ጋሽ ሎይዜን እንደገደለችው ግን ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ አልተጠራጠረችም።

ኢንስፔክተር ነዣ ኮባል ሰኞ ከኖቫ ጎሪሳ መጣች። ጎስቋላ ጃኬት የለበሰች፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ፣ ስትጠይቅ የሰው ዓይን ዓይን የምታይ ሴት ናት። ከክሴኒያ ጎን ተቀምጣ፣ እሑድ ከአስከሬኑ ጋር የወጣውን የሎይዜን ጂፒኤስ ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«እኔ ጥፋተኛዋ ነኝ» አለች ክሴኒያ ሳትጠየቅ።

«ትሆኚ ይሆናል። መጀመሪያ ግን ጥፋቱን አስረጂኝ። እንደ ደንቆሮ ቁጠሪኝ።»

«እኛ አገር አንድን ቦታ በሁለት ዓይነት ቁጥር መጥራት ይቻላል፤ በድሮው ሥርዓትና በአዲሱ። የተሰጡኝ ነጥቦች በድሮው ናቸው፣ ጂፒኤሱ የሚያነበው አዲሱን። እኔ አር በሚባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ቋንቋ ኮድ ጽፌ ቁጥሮቹን እለውጣለሁ። ሳልለውጥ ‹አዲስ ነው› የሚል ስም ብቻ ብለጥፍባቸው ፕሮግራሙ አይጮህም፣ አምኖኝ ዝም ይላል። ነጥቡ ግን ወደ ደቡብ ምሥራቅ ስድስት መቶ ሜትር ያህል ይሸሻል።»

«ያንን እንዳደረግሽ አይተሻል?»

«አላየሁም። ለማየት አልደፈርኩም።»

«እንግዲያው አብረን እንየው።»

ክሴኒያ ሁሉም የሚጠቀምበትን የጋራ ማህደር ከፈተች። እውነትም ቁጥሮቹን የሚለውጠው የኮድ መስመር የለም፤ በቦታው ስም የሚለጥፈው መስመር ተቀምጧል። ዓይኗ እንባ ሞላ። ነዣ ግን ከስክሪኑ ዓይኗን አልነቀለችም።

«ይህን የተበላሸውን ኮድ አሁን አስኪጂው። የሚያወጣውን ከጂፒኤሱ ጋር አስተያዪልኝ።»

«ምን ይጠቅማል? ያው ነው የሚሆነው።»

«ያው ከሆነ ያው ነው።»

ኮዱ ሄደ። የመጀመሪያው ነጥብ ከጂፒኤሱ ጋር ገጠመ። እስከ አምስተኛው ድረስ ሁሉም ገጠሙ። ስድስተኛው ላይ ስትደርስ ክሴኒያ ቁጥሩን ደጋግማ አየችው። የተበላሸው ኮድ ስድስተኛውን ነጥብ ያስቀመጠው ለጥ ያለ ሜዳ ላይ ነው። ጂፒኤሱ ላይ ያለው ግን ከዚያ አርባ ሜትር ፈንጠር ብሎ፣ ልክ ሎይዜ የተገኘበት ጉድጓድ አፍ ላይ።

«ይሄ የኔ ስህተት አይደለም» አለች ቀስ ብላ። «እንዲያውም ስህተት አይደለም። ይህን ቁጥር ኮድ አላወጣውም፣ ሰው ነው በእጁ የጻፈው።»

ነዣ ራሷን ነቀነቀች። «ጥፋቱ ምን እንደሆነ መጀመሪያ የነገረሽ ማነው? መቼ?»

ክሴኒያ ነገረቻት። የምትናገረውን ራሷ የሰማችው ከጨረሰች በኋላ ነው።

ነዣ ከዚያ የተቋሙን ሾፌር ዳምያን ዣጋርን አስጠራች። ነጥቦቹን ጂፒኤሱ ላይ የሚጭነው እሱ ነው፤ ከሎይዜ ጋርም በቅርቡ ተጣልቷል።

«የተጣላነው ስጠጣ አይቶኝ ነው» አለ ዳምያን። «እውነቱን ነበር፣ ሽማግሌው። አርብ ዕለት አብሬው መውጣት ነበረብኝ፤ ፕሮፌሰሩ ድንገት ሉብልያና ሄደህ ዕቃ አምጣ ብለው ላኩኝ።»

«ኮድ ትጽፋለህ?»

«እኔ? ክሴኒያን ጠይቂያት፣ የስልኬን ሰዓት የምታስተካክልልኝ እሷ ናት።»

በማግስቱ ነዣ ሁሉንም በተቋሙ የስብሰባ ክፍል ሰበሰበቻቸው። የሎይዜ ሚስት ወይዘሮ ፓቭላ ጥቁር ለብሳ መስኮቱ ጥግ ተቀምጣለች። ክሴኒያ ቀና ብላ ልታያት አልቻለችም። ሲልቮ ከክሴኒያ ጎን ተቀምጦ እጇን ሊይዝ ሲል ወደ ራሷ ሰበሰበችው።

«ወይዘሮ ፓቭላ» አለች ነዣ፤ «ባለቤትዎ ሰሞኑን ምን ያስጨንቃቸው ነበር?»

«ውሃው። ደጋው ላይ የቆሻሻ መጣያ ሊሠራ ነው። የፕሮፌሰሩ ጥናት ከዚያ የሚሰርገው ውሃ ወደ ከተማው ምንጭ አይደርስም ይላል። ሎይዜ ግን ውሃው የት እንደሚወጣ ለማየት ላይ የጨመረውን ቀለም ታች ምንጩ ውስጥ በዓይኑ አይቷል። ‹ሲልቮ የለካሁትን ሰርዞ የራሱን ጽፏል፣ ማዘጋጃ ቤት ቀርቤ እናገራለሁ› አለኝ። ‹መጀመሪያ ግን ለራሱ እነግረዋለሁ፣ ጓደኛዬ ነው› አለ።»



«ፕሮፌሰር፣ ቅዳሜ ጠዋት ለክሴኒያ ‹የድሮውን ቁጥር ሳትለውጪ የአዲሱን ስም ለጥፈሻል› ብለዋታል» አለች ነዣ። «እንዴት አወቁ?»

«ገመትኩ። ስንት ዓመት የሠራሁበት ሙያ ነው።»

«በዚያ ሰዓት ጂፒኤሱ ከሟቹ ጋር ጉድጓድ ውስጥ ነበር። ነጥቡ መሳሳቱን እንኳ ያየ ሰው የለም። ሰውዬው አዳልጦት ሊሆን ይችል ነበር፤ ጭጋግ መንገድ አስቶት ሊሆን ይችል ነበር። እርስዎ ግን ስህተት መኖሩን ብቻ ሳይሆን ዓይነቱን ጭምር አወቁ።»

ነዣ ወደ ሌሎቹ ዞረች።

«ዳምያን አይደለም። እሱ ቢሆን አንዱን ነጥብ ጂፒኤሱ ላይ ያዛውራል እንጂ ኮድ አይነካም፤ አይችልበትምም። ክሴኒያ አይደለችም፤ የእሷ ስህተት ቢሆን ስድስቱም ነጥቦች እኩል ይሸሹ ነበር። ገዳዩ የጋራ ማህደሩ ውስጥ ገብቶ አምስቱን የክሴኒያ ስህተት አስመስሎ አሸሸ፤ ስድስተኛውን ግን በእጁ ጉድጓዱ ላይ አስቀመጠው። ከመንገዱ ቅርብ እሱ ስለሆነ ሎይዜ ከእሱ እንደሚጀምር ያውቃል። ጉድጓዱ ደግሞ በዋሻ መዝገብ የለም። የሚታየው ከአውሮፕላን በተነሳው አዲስ የሌዘር ካርታ ላይ ብቻ ነው። ካርታውን ያነሱትን ሰዎች ጠየቅኳቸው፤ የላኩት ለእርስዎ ብቻ ነው።»

«አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም» አለች ቀጥላ። «ከስንት ዓይነት ስህተት ለምን ይህንን መረጡ?»

«እሱ ይገባኛል» አለች ክሴኒያ። «የመመረቂያ ሥራዬ ላይ ይህንኑ ተሳስቼ ነበር። ካርታዬ በሙሉ ስድስት መቶ ሜትር ስቶ ሳለቅስ ያገኙኝ እሳቸው ናቸው። አብረውኝ አረሙት፣ ለማንም አልነገሩም። እንደ አባት ነበር የማያቸው።» ወደ ሲልቮ ዞረች። «እኔ ራሴ እንደማምነው ያውቁ ነበር።»

«አንቺን የሚያስርሽ የለም ብዬ ነው» አለ ሲልቮ ዓይኑን ከጠረጴዛው ሳያነሳ። «ስህተት ነው ተብሎ ይታለፋል። ሥራሽንም አላስነካም ነበር።»

«ዕድሜ ልኬን እየተሸከምኩት፣ እርስዎ እያጽናኑኝ።»

ውጭ የቆሙት ፖሊሶች ገብተው ሲልቮን ሲወስዱት ዳምያን ከመንገዳቸው ገለል አለ፤ ጡጫው ግን ኪሱ ውስጥ ተጨብጦ ነበር።

ክሴኒያ ተነስታ ወደ መስኮቱ ሄደች። ወይዘሮ ፓቭላ ፊት ቆመች።

«ቤቴ መጥቶ ነበር፣ ሲልቮ» አለች ፓቭላ። «ሾርባ ሠርቼለት በላ። ‹ልጅቷ ናት ያጠፋችው፣ ሳታውቅ ነው፣ አትፍረጂባት› አለኝ። እኔም አንቺን ይቅር ለማለት ስታገል ሰነበትኩ። ትናንት ሌሊት ተሳካልኝ፤ ልቤ ቀለለኝ፣ እንቅልፍም ወሰደኝ።»

የክሴኒያን እጅ ይዛ ከጎኗ አስቀመጠቻት።

«አሁን እንግዲህ» አለች፣ ፖሊሶቹ የወጡበትን በር እያየች፤ «እንደ አዲስ የምጀምርበት አቅም ከየት ላምጣ?»