የሽማግሌው ቦት ጫማ

ሽማግሌው ሬይንሆልድ ቲልማን በቅዱስ ኒኮላስ ዕለት ጠዋት በምድር ቤቱ ደረጃ ግርጌ ሞተው ተገኙ። ከኋላቸው ጭንቅላታቸውን ተመትተዋል፤ ስለዚህ «አዳልጧቸው ነው» ብሎ መገላገል አልተቻለም። ላይ ቤት፣ በሩ አጠገብ፣ የአራቱ የቤቱ ሰዎች ቦት ጫማዎች፣ በበዓሉ ልማድ ጠዋት ስጦታ እንዲሞላባቸው፣ ከዋዜማው ጀምሮ ተሰልፈው ቆመዋል። ሁሉም መንደሪን፣ ባለቅርፊት ለውዝና ቸኮሌት ሞልቶባቸዋል።

መርማሪ ዴሎረስ ክሩገር በረዶውን ከእግሯ አራግፋ ስትገባ፣ ልጃቸው ኤልሮይ ሳሎኑን ወዲያ ወዲህ እያለ ይለካዋል። ለበዓሉ የመጣችው እኅቱ አርዲስ መሀረቧን ታጥፋለች፣ መልሳ ትዘረጋለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ሽማግሌውን ስትጦር የኖረችው ምራታቸው ቨርና አንድ ፖሊስ አጠገቧ ቆሞባት ንቅንቅ አላለችም።

«ምን ትጠብቂያለሽ?» አለ ኤልሮይ። «አባባ ትናንት እርሻውን ለቨርና ፈረመላት፣ ዛሬ ሞተ። ይሄ ምርመራ ይፈልጋል?»

«ቀስ ይበሉ። እርስዎስ የት ነበሩ?»

«ንጋት አሥራ አንድ ተኩል ላይ ወጥቼ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ቁርስ ሳሰናዳ ሃያ ሰው አይቶኛል። አባባ ጫማ የሚሞላው የአሥራ ሁለት ሰዓቱ ደወል ሲደወል ነው፤ ስድሳ ዓመት አንድ ቀን አላዛነፈም። ጫማዎቹ ይኸው ሞልተዋል። ከደወሉ በኋላ በሕይወት ነበር ማለት ነው፤ ያኔ ቤት የነበሩት ሁለቱ ናቸው።»

«እኔንም ጨመርከኝ?» አለች አርዲስ።

ሐኪሙ የገመተው ከአሥራ አንድ እስከ አንድ ሰዓት ነው። ዴሎረስ ምስክሮቹን ቆጥሮ የሚጠብቅ ሰው አትወድም፤ አለመውደድ ግን ማስረጃ አይደለም። ተንበርክካ ጫማዎቹን አንድ በአንድ ዘረገፈች። ተረከዙ የተሰነጠቀው የሽማግሌው ነበር፤ ከሱም ባለቅርፊት ለውዝ ወጣ።

«ጥርስ ነበራቸው?»

«አንድም» አለች ቨርና። ያን ቀን ስትናገር የመጀመሪያዋ ነው።

ዴሎረስ ወደ ወጥ ቤት ወሰደቻት። «የሳቸውን ጫማ የሚሞላው ማነው?»

«እኔ ነኝ፣ ተደብቄ። እሳቸው የእኛን ሞልተው ገብተው ጋደም ሲሉ። ዛሬ ስወርድ ሞልቶ አገኘሁት። አርዲስ ቀደመችኝ ብዬ ደስ አለኝ።» ከመሳቢያ የታሰረች ከረጢት አወጣች፤ ለስላሳ ኬክና የፒፓ ትምባሆ ነበረባት።

አርዲስ ለብቻዋ ስትጠየቅም ያንኑ አለች። «እማማ ከሞተች ጀምሮ የምሞላው እኔ ነበርኩ። ሳገባ ለቨርና አስረከብኩ፤ ዛሬም አልነካሁትም።»

«ኤልሮይስ ያውቃል?»

«እሱማ የራሱን ጫማ ነው የሚያየው።»

ዴሎረስ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው።

«ሽማግሌው የራሳቸውን ጫማ ሞልተው አያውቁም። ዛሬ ግን አራቱም በአንድ ዓይነት ተሞልተዋል። ስለዚህ የሞላው እሳቸው አይደሉም። ሴቶቹም አይደሉም፤ ጥርስ ለሌለው ሰው ለውዝ አይሰጡም። ደግሞስ ከደወሉ በኋላ ቤት ለነበረ ሰው የተሞላ ጫማ ምን ይጠቅመዋል? የሚያስጠረጥር ብቻ ነው። የሚጠቅመው ከደወሉ በፊት ገድሎ ለወጣ ሰው ነው፤ ሽማግሌው ሲደወል በሕይወት የነበሩ ያስመስልለታል።»

«ውሸት ነው!» ኤልሮይ ጮኸ። «አባባ ለራሱም ይሞላል! ሁልጊዜ ሞልቶ ነው የማየው!»

«ማን እንደሚሞላው አንድ ቀን ጠይቀህ ታውቃለህ?» አለች ዴሎረስ። አንቱታው ቀርቷል።

ፖሊሱ ቨርናን ትቶ ወደ እሱ ተጠጋ። ኤልሮይ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ለባዳ ሰጣት» አለ። «ለምኜው ነበር፤ ጀርባውን ሰጠኝ።» ከዚያ ወደ እኅቱ ቀና አለ። «የጫማውን ነገር እኮ ማንም አልነገረኝም።»

«እኔንም ማንም አልነገረኝም» አለች አርዲስ እያለቀሰች። «የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ፣ የአባባ ጫማ ብቻ ባዶ ሆኖ አየሁት።»