ቡራዩን ማን ያውቃል?

እጁን ያዘችው። መጀመሪያ ይሄን ልንገራችሁና ልገላገል፣ አለዚያ እስከ መጨረሻው ምላሴን ሲያሳክከኝ ነው የሚቆየው። ረምዚያ የኡዘይርን እጅ ያዘችው፣ በጠራራ ፀሐይ፣ የቡራዩ ሱቅ ሁሉ ተዘግቶ፣ ሰው በየበሩ ቆሞ እያያቸው። ደሞ ፍቅር ይዟት ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ ተናዳ ነው! ጥፍሯ መዳፉ ላይ እስኪታተም ጨምቃ ያዘችው፣ እሱ ደሞ እህ እንኳ አላለም።

እሺ፣ አሁን ከመጀመሪያው።

የረምዚያ አባት ሐጂ አብዱረዛቅ ቡራዩ ዋናው መንገድ ዳር ቡና ይሸጣሉ። ከወለጋ የሚመጣ መኪና ደጃቸው ላይ ያራግፍላቸዋል፣ እሳቸው ይቆላሉ፣ ይፈጫሉ፣ ረምዚያ ደሞ አስራ ሁለተኛ ክፍልን ከጨረሰች ጀምሮ ሚዛኑ ላይ ናት። ሽታው ብቻ መንገደኛን ከታክሲ ያስወርዳል። እዚህ ቤት ገብቶ ነው እንግዲህ አንድ ረጅም ልጅ፣ ላፕቶፕ ያንጠለጠለ፣ የፓኬት ቡና አላችሁ ወይ ብሎ የጠየቀው። ያንን በሙቅ ውሃ የሚበጠበጠውን!

እናንተዬ፣ ወፍጮው ራሱ የቆመ መሰለ። ረምዚያ ቀና ብላ እንኳ አላየችውም።

«መድኃኒት ቤቱ ማዶ ነው» አለችው።

ልጁ ሳቀ። ሳቁን ሳይጨርስ ስልኩ ጮኸና አነሳው፣ ለሚያናግረው ሰው ምን ቢለው ጥሩ ነው፣ «አዎ፣ አዲስ አበባ ነኝ»። ቡራዩ መሃል ተገትሮ! ረምዚያ ያኔ ነው ቀና ያለችው።

«አዲስ አበባ በየት በኩል ገባች? በጓሮ ነው?»

ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። የእሱ ዓይን እንቅልፍ ያጣ፣ ቀላ ያለ፣ ግን የሚስቅ ዓይን ነው። ሩብ ኪሎ ቡና ገዝቶ ወጣ። ቤታቸው ጀበና እንደሌለ የተሰማው በማግስቱ ነው፣ በምን ላፍላው ብሎ ተመልሶ ሲመጣ። ከዚያ በኋላማ ምክንያት ጠፍቶት አያውቅም።

ኡዘይር ይባላል። ኮምፒውተር ነው የሚማረው። ሰፈራቸው አዲስ አበባ መሃል ነበር፣ ለልማት ተብሎ ሲፈርስ ቡራዩ ቤት ተከራይተው ወጡ። አዳሯ ቡራዩ፣ ውሎዋ አዲስ አበባ የሆነች ነፍስ። ወጣቱ የሀገሩን ቡና እንዲያውቅ የሚያደርግ የስልክ አፕ እየሠራ ነው፣ ስሙ «ሲኒ»። ስልክሽን ስትከፍቺ ካርታ ይመጣል፣ የጀበና ቡና የምታፈላዋ ልጅ የት እንደተቀመጠች፣ ቡናዋ ከየት እንደመጣ ያሳይሻል፣ ከወደድሽላት በነጥብ ፈንታ ሲኒ ትሰጫታለሽ። አዲስ አበባ ውስጥ የአፕ ውድድር አለ፣ አንደኛ የወጣውን ስፖንሰር ይይዘዋል።

ረምዚያ መጀመሪያ ስታየው አረንጓዴ ቅጠል፣ ቀይ ፍሬ፣ ቅጠል፣ ፍሬ። ይሄ የመሥሪያ ቤት ካላንደር ነው አለችው። ወጣት ለቅጠል ብሎ ከቤቱ አይወጣም፣ ለሰው ነው የሚወጣው፣ የሚያፈሉትን ልጆች ፊት አስገባ አለችው። ልጁ አፉን ከፍቶ ቀረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አፑ የሁለቱ ሆነ።

ፎቶ ለማንሳት አብረው መዞር ጀመሩ። ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታ። ሦስቱም አጠገብ ላጠገብ ናቸው፣ በታክሲ ግን ከአንዱ ወደ አንዱ ለመድረስ አዲስ አበባ ገብቶ መውጣት ነው። ለአባቷ ደንበኛ ፍለጋ ነው አለቻቸው። ሐጂ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው «ደንበኛ ሲፈለግ ሽቶ ይቀባል እንዴ?» ብለው ወደ ቡናቸው ዞሩ። አለመቆጣታቸው ነው ያስፈራት።

ሱሉልታ ብርዱ አጥንት ይገባል። ጃኬቱን አውልቆ ትከሻዋ ላይ ጣለላት፣ እሷም አመሰግናለሁ ሳትል ለበሰችው። ሚኒባሱ ውስጥ ትከሻቸው ተነካካ። አልተጠጉም፣ አልተራራቁም። አስኮ እስኪደርሱ እንደዚያው። ወይኔ።

ካርታው ላይ መጀመሪያ የገባችው ተረፈች ናት፣ የረምዚያ ጓደኛ፣ ወደ ገፈርሳ በሚወስደው መንገድ ላይ ቡና የምታፈላው። አባቷ ኦቦ ወርቁ ገበሬ ናቸው። ተረፈች ኡዘይርን ስታየው በኦሮምኛ «ኩን ኤኙ?» አለች፣ ይሄ ማነው ማለቷ ነው። ረምዚያ የስልክ ጠጋኝ ነው አለቻት። ተረፈችም የማን ስልክ ነው እንዲህ በየቀኑ የሚበላሸው ብላ ሦስቱም በሳቅ ፈረሱ፣ ፎቶውም ያኔ ተነሳ። እንደዚያ ስቃ አይቻት አላውቅም ብላለች ረምዚያ።

ከዚያ ኅዳር መጣ። በየቦታው ማስተር ፕላን፣ ማስተር ፕላን። አዲስ አበባ ልትሰፋ ነው፣ ዙሪያዋን ያሉትን ከተሞች ልትውጥ ነው፣ የገበሬው መሬት ሊሄድ ነው። ተማሪው ወጣ፣ ጥይት ተሰማ፣ መንገድ ተዘጋ፣ ዳታ ጠፋ። ኦቦ ወርቁ ማሳ ላይ ሰዎች ሜትር ይዘው ሲለኩ ከርመዋል። የተረፈች ታላቅ ወንድም መሬታችንን አንሰጥም ብሎ ሰልፍ በወጣ ሰሞን የጸጥታ ሰዎች ከቤት ወሰዱት። የት እንዳለ የሚነግራቸው የለም።

አፑ ያለቀው በዚያው ሳምንት ነው። ኡዘይር ያለ ኢንተርኔት በዜንደር ከስልክ ወደ ስልክ ላከላት። ረምዚያ ከፍታም ሳትጨርስ ወደ ተረፈች ሮጠች፣ ፊቷን አይታ ትንሽ ደስ ይበላት ብላ። ተረፈች ፎቶዋን ስታይ ፈገግ አለች። ከዚያ ከሥሩ ያለውን አነበበች። «ተረፈች ቡና። አዲስ አበባ፣ ምዕራብ ዳርቻ።»

ፈገግታዋ ጠፋ። ስልኩን ቀስ አድርጋ መለሰችላት።

«ሂን በርባዱ» አለች። «አልፈልግም። ፎቶዬን አውጡልኝ። ወንድሜን የወሰዱት እኮ ይሄን አይሆንም ስላለ ነው።»

ረምዚያ እንዴት ሱቅ እንደደረሰች አታውቅም። ኡዘይር በሩ ላይ ቆሞ፣ ወደደችው ወይ ብሎ እየጠበቃት ነበር። ስልኩን ደረቱ ላይ ለጠፈችለት። ማን ጻፈው አለችው። እኔ አላት፣ ቢያንስ አልዋሸም።

«ዳኞቹ እንዲገባቸው ብዬ ነው፣ ረምዚ። ቡራዩን ማን ያውቃል?»

አያችሁት? ቡራዩ ቆሞ። የቡራዩን ልጅ እያየ።

«ተረፈች ታውቀዋለች» አለችው። «ወንድሟ ያውቀዋል።»

እሱም ተናደደ። እኛንም እኮ አፍርሰው ነው ያወጡን፣ ቤቱን ወሰዱት፣ የአዲስ አበባን ስም እንኳ እንዳልይዝ ትከለክዪኛለሽ ወይ አላት። እውነቱን ነው፣ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ሌላ ጊዜ ቢሆን አንጀቷን ይበላት ነበር።

«ቤትህን ያፈረሰውን ስም ነው ተረፈች ላይ የለጠፍከው» አለችና መዝጊያውን ሳበችው። ላሜራው ፊቱ ላይ ወርዶ ሰፈሩን አናጋው።

ከዚያ በኋላ ያልተናደደችበት ነገር የለም። በቡናው ተናደደች፣ አንድ ማንከሽከሻ ሙሉ አሳረረች፣ ሐጂም ቡናው ምን በደለሽ አሏት። በመንግሥት ተናደደች፣ በመንገዱ ተናደደች። ከሁሉም በላይ ስለናፈቃት ተናደደች። እሱን እየጠሉ እሱን መናፈቅ፣ ይሄ ፍርድ ነው? ሲደውል ትዘጋለች። ሳይደውል ስልኩን ታያለች።

ውድድሩ የሚጠናቀቅበት ቀን ቡራዩ አድማ ላይ ነበረች። ሱቅ ዝግ፣ ታክሲ የለም። ረምዚያና አባቷ የተዘጋው ሱቃቸው በር ላይ ተቀምጠዋል። በአስኮ በኩል አንድ ሰው በእግሩ ሲመጣ ታየ፣ አቧራ ለብሶ፣ ላፕቶፑን እንደ ሕፃን አቅፎ። እሱ ነው። ከከተማ በእግሩ!

አጠገቧ ሲደርስ ሐጂን እጅ ነሳ፣ ከዚያ ሁሉንም ነገራት። ካርታውን አስተካክሎታል፣ ቡራዩ ቡራዩ ተብሏል፣ ሰበታም ሰበታ፣ ሱሉልታም ሱሉልታ። የውድድሩ አዘጋጆች ግን አዲስ አበባ ተብሎ ይመለስ፣ በዚህ ጊዜ እንዲህ ያለ ስም ለስፖንሰሩ አይመችም አሉት። ሳይመልስላቸው ወጣ። ስልኩን ዘረጋላት። «ከውድድሩ ወጥቻለሁ» የሚል መልእክት ተጽፎ ተቀምጧል፣ አልተላከም።

«አንቺ ወስኚ» አላት። «እንዲሄድ ከፈለግሽ አንቺ ተጫኚው።»

ጎረቤት ሁሉ አንገቱን አስግጓል። እኔ ብሆን አለቅስ ነበር። ረምዚያ ግን ጭራሽ ደሟ ፈላ። እጇን ወደ ኋላ አደረገች።

«ስህተቱን በራስህ ጣት ጽፈህ ይቅርታውን በእኔ ጣት?»

ስልኩ በመሃላቸው ተንጠልጥሎ ቀረ። ዓይኗን አየ፣ ለረጅም ጊዜ፣ እሷም አልሰበረችም። ከዚያ ስልኩን ወደ ራሱ መለሰና ተጫነው። ትን አለ። አለቀ። ሌት ተቀን የሠራው ነገር በዚያች ድምፅ ሄደ።

ያኔ ነው እጁን የያዘችው። ጥፍሯን ተክላ፣ ከተቀመጠችበት ተነስታ፣ አሁን ተረፈች ጋ እንሄዳለን ብላ ጎተተችው። ሰው ሁሉ ወደ ሐጂ ዞረ። ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ የተቆለፈውን ቁልፍ መቆለፉን እንደገና ነካ ነካ አደረጉ።

«ስትመለሱ በዋናው መንገድ ኑ» አሉ። ሳትደበቁ ማለታቸው ነው።

ተረፈች ይቅርታውን ቆማ ሰማችው። ካርታውን አየች። ገፈርሳ ገፈርሳ ተብሏል፣ የእሷ ፎቶ የነበረበት ቦታ ባዶ ነው። ይቅር ብዬሃለሁ አላለችውም። ወንድሜ ሲመጣ ከእሱ ጋር ታነሳናለህ፣ እስከዚያ ባዶ ይሁን አለችው። አፑ አሁን ቡራዩ ውስጥ በዜንደር ከስልክ ወደ ስልክ እየዞረ ነው፣ ሰበታም ደርሷል አሉ። የተረፈች ቦታ እስካሁን ባዶ ነው።

ሲመለሱ በዋናው መንገድ መጡ። እጁ እጇ ውስጥ ነው።

«አሁንም ተቆጥተሻል?» አላት።

«አዎ።»

«እጄንስ ለምን ያዝሽው?»

«እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።»

አሁንም ትቆጣዋለች እኮ! ቡራዩን ማን ያውቃል ያላት ድምፅ ጆሮዋ ላይ አለ፣ የተረፈችም ወንድም አልመጣም፣ እጁን ግን አለቀቀችም። እስቲ እናንተ ንገሩኝ፣ እናንተ ብትሆኑ ንዴታችሁ እስኪበርድ ትለቁት ነበር፣ ወይስ እንደ እሷ ጥፍራችሁን ተክላችሁ ትይዙት ነበር?