የባዳቾ ስልሳ በርሜል

ፓስተራችን መማል ኃጢአት ነው ብለው በየእሁዱ ያስተምራሉ። ለዚህ ታሪክ ስል ግን ኃጢአቱን እሸከማለሁ፤ ከዚህ በታች ከጻፍኩት አንዲት ቃል ሐሰት ከተገኘች ሻይ ቤቴ ይዘጋ፣ ምላሴም ትድረቅ። ሰምቼ አይደለም፣ አይቼ ነው። ያላየሁትንም ቢሆን ካየው ሰው በላይ አውቀዋለሁ። ሶዶ ገበያ መጥቶ «ቲቶ ሻይ ቤት» ብሎ የሚጠፋ ሰው የለም፤ ለእኔ ሻይ ሲሉ ከሐዋሳ ተሳፍረው የሚመጡ አሉ። የሻይ ቤቴ በር ደግሞ ፊት ለፊት የሚያየው የባዳቾን የቅቤ መጋዘን ነው።

ነገሩ የሆነው በጊፋታ ዋዜማ ቅዳሜ ነው። ወላይታ ዘመን መለወጫውን ያለ ቅቤ አይቀበልም። ቅርጫው ቅቤ ይላል፣ ከቆጮ የሚሠራው ሙቹዋ ቅቤ ይላል፣ የልጆች ጸጉር ሳይቀር ቅቤ ይላል። ስለዚህ ሳምንቱን ሙሉ ዋጋው ሽቅብ ሲሮጥ ሰነበተ። ባዳቾ ግን መጋዘኑን ቆልፎ ዝም። ክረምቱን ከዲምቱና ከቦምቤ ገበያዎች የሰበሰበውን ስልሳ በርሜል ይዞ የመጨረሻዋን ገበያ ይጠብቅ ነበር። ስልሳ! ወላይታን ከእግር እስከ ራሱ ቀብቶ ለጎረቤት የሚተርፍ ቅቤ ነው። ቁጥሩን ለከተማው ያደረስኩት እኔው ነኝ፤ ሻይ ሊጠጣ የገባ ሁሉ ከእኔ ሰምቶ ወጥቷል።

ዓርብ ባዳቾ ደጃፌ ላይ ቆመና «ቲቶ፣ ነገ እከፍታለሁ። ንገርልኝ» አለኝ። እኔ ነገርኩለት። እኔ የነገርኩት ነገር ደግሞ ከሬዲዮ ይፈጥናል።

ቅዳሜ ጠዋት ሰሃንና ጀሪካን የያዘ ሕዝብ መጋዘኑ ፊት ተሰለፈ። በሩ አልተከፈተም። ፀሐዩ ሲጠነክር አንዲት ሴት ትዕግሥቷ አለቀና ለባዳቾ ስልክ ደወለች።

ስልኩ ጮኸ። ከተቆለፈው በር በስተኋላ።

ሴትዮዋ እንደገና ደወለች። እንደገና ጮኸ። ጓጉንቸሩ በውጭ በኩል ተንጠልጥሏል፤ ውስጥ ያለ ሰው ደግሞ በውጭ ጓጉንቸር ራሱ ላይ አይቆልፍም።

ሚስቱ ሳህሊቱ ተጠርታ መጣች። መክፈቻውን ከጉያዋ አውጥታ ከፈተች። ባዳቾ በበርሜሎቹ መካከል በጀርባው ተዘርግቷል። ከጭንቅላቱ ሥር ትልቁ የብረት ሚዛን አለ፣ ጠርዙ በደም ተነክሯል። አጠገቡ መሰላል ተጋድሟል።

መጀመሪያ የደረሰው ኮንስታብል ማቲ ነበር። ጎረምሳ ነው፣ ይቸኩላል።

«የዚህ በር መክፈቻ ስንት ነው?» አለ።

«ሁለት» አለች ሳህሊቱ።

«አንዱ ሟቹ ኪስ ውስጥ አለ። ሌላው አንቺ ጋ። ታዲያ ማን ቆለፈበት?»

ከሰልፉ «ገዳይ!» የሚል ድምፅ ተወረወረ፤ ከዚያ ሁለት ሆነ፣ ከዚያ ሃያ። ማቲ ካቴናውን አወጣ።

«መልሰው» አለ አንድ ድምፅ።

ኢንስፔክተር መቅደስ ነበረች። ሰምታችሁ ካላወቃችሁ ጥፋቱ የእናንተ ነው። ቀጭን፣ አጭር፣ ድምፅዋ የማይሰማ ሴት ናት፤ በዓይኗ ግን ሶዶ ቆማ ሩቅ ቤሌ ላይ የወደቀ መርፌ ታያለች። እናቷ ቤሌ ገበያ ድንች ሻጭ ነበረች፤ መቅደስ ፖሊስነትን የተማረችው ኮሌጅ አይደለም፣ ከእናቷ ጆንያ ሥር ተቀምጣ የገዢን ዓይን ስታነብ ነው።

«እትዬ ሳህሊቱ፣ ጊፋታን ቤትዎ ወይ ጣቢያ ማሳለፍዎ ዛሬ ይለያል» አለቻት። «ከዚህ እንዳይርቁ።»

አስከሬኑን ለማየት መንገዱ ጠባብ ስለነበር ማቲ በርሜሎቹን ገለል ማድረግ ነበረበት። እዚህ ላይ ምስክርነቴን በጥሞና ስሙ። ያ ልጅ ሙሉ የቅቤ በርሜል በቀኝ እጁ፣ ሌላውን በግራው አንጠልጥሎ እንደ ባዶ ቅርጫት ወሰዳቸው! ትንፋሹ እንኳ አልጨመረም። ጉልበት አይቼ አውቃለሁ፣ እንዲህ ያለ ግን አላየሁም። በልቤ የአገራችን ልጅ ይህ ነው አልኩ።

መቅደስ ተንበርክካ የሟቹን ቀኝ እጅ ገለበጠች። ጣቶቹ በትኩስ ቅቤ ተለውሰዋል። ከሥሩ በኮባ የተጠቀለለች፣ ጉንጭ የማትሞላ ቅቤ ወድቃለች።

«ጋሼ ቲቶ፣ እዚህ ስንት በርሜል አለ?»

«ስልሳ!» አልኩ። «አንዷም አልተነካች።»

አመነችኝ። ማን የማያምነኝ አለ? አስከሬኑ ወደ ሆስፒታል ሲሄድ መጋዘኑ እንዲታሸግ አዘዘች። ወሬው ከደጃፉ ገበያው መሐል እስኪደርስ አንድ ብርጭቆ ሻይ ተጠጥቶ አያልቅም፤ የቅቤ ዋጋ ግን ቀድሞት ጣሪያ ነካ።

ጥያቄው በእኔ ሻይ ቤት ተካሄደ። ለሕግ ያበረከትኩትን አልቆጥርም።

መጀመሪያ የገባው ጋሼ ኪዳነወልድ ነው። አባቱ ከጉራጌ አገር መጥተው የከፈቱትን የቅቤና የቅመም ሱቅ፣ ከባዳቾ ግድግዳ ለግድግዳ፣ እስከ ዛሬ ይዞታል። ከባዳቾ ጋር ከሰላምታ ይልቅ ስድብ ይለዋወጡ ነበር።

«ጋሼ፣ ይጠሉት ነበር ይባላል።»

«እጠላዋለሁ እንጂ! ሞቶስ ቢሆን መች ተወኝ?» አለ ሻዩን እየገፋ። «ዛሬ ሊከፍት ነው ሲባል ገና በማለዳ ያለችኝን ቅቤ አውጥቼ በኪሳራ ደፋኋት። ስልሳ በርሜል ከወጣ የእኔን ማን ይገዛኛል? ገበያተኛው ሁሉ እንደኔው ደነገጠ፣ ሁሉም ሻጭ ሆነ፣ ዋጋው ቁልቁል ሄደ። አሁን አሸጋችሁት። ሱቄ ባዶ፣ ዋጋው ሰማይ! የተገደልኩት እኔ ነኝ እቴ!»

«ሁሉም ሻጭ ከሆነ ገዢው ማን ነበር?»

ኪዳነወልድ ቆም ብሎ አሰበ። «ይልቃል» አለ። «የባዳቾ ደላላ። የሁላችንንም አንድ በአንድ ለቀመው።»

መቅደስ ስሙን ማስታወሻዋ ላይ ጻፈች። እኔ ግን ያን ጊዜ በልቧ ያለውን አነበብኩ፤ ፊቷ ላይ ተጽፎ ነበር።

ሳህሊቱ ስትገባ ቀና አላለችም።

«ባለቤትዎን መቼ አዩት?»

«ገና ሳይነጋ ከቤት ወጣ። ሥራ አለኝ ብሎ።»

«ምን ሥራ?»

«እሱ ነው የሚያውቀው።»

«መሰላል ላይ ለምን ወጣ?»

ሳህሊቱ በበሩ አሻግራ ወደ መጋዘኑ አየች። ሰው የሞተበትን ቦታ አይደለም፤ በበሩ ስንጥቅ የሚታዩትን በርሜሎች። «ኢንስፔክተር፣ ቶሎ ይቀበርልኝ» ብቻ አለች። ውጭ «አውጧት!» የሚለው ድምፅ እየበረታ ነበር።

መጨረሻ ይልቃል ገባ። ጫማው የሚያብረቀርቅ፣ ሳቁ የማይጠፋ ደላላ ነው። ያን ቀን ሳቁ የለም።

«ጠዋት ቅቤ ስትገዛ ነበር አሉ።»

«ገበያ ነው፣ ኢንስፔክተር። ሁሉም ሲሸጥ ነው የሚገዛው።»

«አለቃህ ስልሳ በርሜል ሊያወጣ መሆኑን እየሰማህ? ከሰዓት በኋላ የበለጠ አይረክስም ነበር?»

«ደላላ ብዙ ጊዜ ይሳሳታል» አለ።

«ዛሬ ግን አልተሳሳትክም።»

ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ ሁላችንንም ወደ መጋዘኑ ጠራችን። ሳህሊቱ በሩ አጠገብ፣ ኪዳነወልድ እጁን አጣምሮ፣ ይልቃል ግድግዳውን ተደግፎ፣ ማቲ ካቴናውን ይዞ፣ እኔ ደግሞ ለምስክርነት በሚመች ቦታ ቆምን። በሩ ገርበብ ብሏል፤ ውጭ ሕዝቡ ሲተነፍስ ይሰማል።

መቅደስ ጓጉንቸሩን አንስታ በሁለት ጣቷ ጫን አደረገችው። ጠቅ ብሎ ተቆለፈ።

«ማቲ፣ መክፈቻ ተጠቀምኩ?»

«አልተጠቀሙም።»

«ለመክፈት ነው እንጂ ለመቆለፍ መክፈቻ አይፈልግም። ስለዚህ እትዬ ሳህሊቱን በመክፈቻ መክሰስ አንችልም። ማንም ቆልፎ ሊሄድ ይችላል።»

ኪዳነወልድ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። መቅደስ አየችው።

«አይፍሩ ጋሼ። ባዳቾ ጣቱ ላይ ቅቤ ነበር፣ በኮባ የተጠቀለለ ናሙናም አጠገቡ። ሰው ለሚስቱ ናሙና አያሳይም፤ ለነጋዴ ነው የሚያሳየው። ጎህ ሳይቀድ እዚህ የገባ ነጋዴ ነበር ማለት ነው። የትኛው? እናቴ ድንች ስትሸጥ ሁሌ አንድ ነገር ታደርግ ነበር። የጭነት መኪና እየመጣ ነው ከተባለ ቶሎ ትሸጣለች፤ ድንቹ ሲበዛ ዋጋው እንደሚወድቅ ታውቃለች። መኪናው መንገድ ላይ ተበላሽቶ ቀረ ከተባለ ጆንያዋን ትቋጥራለች፤ የፈላጊው ቁጥር ያው ነው፣ ድንቹ ግን የለም። ዛሬ ጠዋት ገበያው ሁሉ መኪናው ይመጣል ብሎ አምኗል። ጋሼ ኪዳነወልድም አምነው በኪሳራ ሸጡ። ባዳቾ መሞቱን የሚያውቅ ሰው እንዲህ አይሸጥም።»

«ልጄ፣ በኪሳራዬ ነው የዳንኩት?» አለ ኪዳነወልድ።

«በኪሳራዎ ነው የዳኑት። አንድ ሰው ብቻ ግን ገዛ። ይህ በር ዛሬ እንደማይከፈት ያወቀ አንድ ሰው። አስከሬን ሲገኝ መጋዘን ይታሸጋል፤ መጋዘን ሲታሸግ ስልሳ በርሜል ከገበያ ይወጣል፤ ሰሃን ይዞ የቆመው ሕዝብ ግን ቤቱ አይሄድም። ያ ሰው ተጣላ፣ ገፈተረ፣ ቆለፈ፣ ከዚያ ገበያ ወርዶ ገዛ።» ዞረች። «ይልቃል፣ በሩ እንደማይከፈት በምን አወቅህ?»

እላችኋለሁ፣ እንዲህ ያለ ምርመራ በዓለም ላይ ተደርጎ አያውቅም። እጄ ለማጨብጨብ ተነስቶ ነበር።

ይልቃል አፉን ከፈተ። ገርበብ ካለው በር ወዲያ ቅቤያቸውን በርካሽ የሸጡለት ሴቶች ቆመዋል። ወደ እነሱ አየ፣ ወደ ሳህሊቱ አየ፣ አፉን ዘጋ።

«አልገደልኩም» አለ በመጨረሻ። «ሌላ የምለው የለኝም።»

ማቲ ካቴናውን አጠለቀለት። ብረቱ ጠቅ ሲል ሳህሊቱ ዓይኗን ጨፈነች።

«እሱን ፍቱት» አለች።

ድምፅዋ በጣም ዝቅ ያለ ስለነበር ኢንስፔክተሯ ጎንበስ ብላ ነው የሰማቻት።

«በሩን የቆለፍኩት እኔ ነኝ። ጎህ ሲቀድ ቁርስ ይዤለት ብመጣ ከመሰላሉ ወድቆ፣ ሚዛኑ ላይ ተመትቶ፣ ሞቶ ጠበቀኝ። ማንም አልገፈተረውም።»

«ታዲያ ለምን ቆለፉ?» አለች መቅደስ።

«ሰው ለለቅሶ ገብቶ በርሜሎቹን እንዳይነካ። ቅቤ የለም፣ ኢንስፔክተር።»

እዚህ ላይ ዝም ማለት አልቻልኩም። «እንዴት የለም? ስልሳ በርሜል!»

«ቲቶ» አለችኝ፣ ቁጣ በሌለው ድምፅ። «አንተ መቼ ገብተህ አየህ?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

«ዋጋው ይወድቃል ብሎ ፈርቶ ሐምሌ ላይ ሁሉንም ለአዲስ አበባ ነጋዴ ሸጠው» አለች ወደ መቅደስ ዞራ። «ያገናኘውም ይልቃል ነው። ወዲያው ዋጋው ወጣ። ባዳቾ ተሞኘ ከሚባል መሞት ይሻለኛል ይል ነበር። እከፍታለሁ ብሎ ያስወራው ገበያተኛው ደንግጦ እንዲሸጥ ነው። ይልቃል የገዛው ለራሱ አይደለም፣ ለባዳቾ ነው። ያንኑ ቅቤ እዚህ አምጥተው የመጋዘኑ ነው ብለው በውድ ሊሸጡት ነበር። መሰላል የወጣው የላይኞቹን በርሜሎች አፍ ቅቤ ሊቀባ ነው፤ በሩ ሲከፈት እንዲሸት።»

መቅደስ የሟቹን ጣቶች ያየችበትን ቦታ አየች። ማቲ ሁለቱን እጆቹን አየ።

«ባዶ ነበር ከሚባል እኔ ገዳይ ብባል ይሻላል ብዬ ነበር» አለች ሳህሊቱ። «ሌላው ገዳይ ሲባል ግን አልቻልኩም።»

አጠገቧ ያለውን በርሜል በእግሯ ጫፍ ገፋ አደረገችው። በርሜሉ ወደቀ፣ እንደ ከበሮ እያስተጋባ ተንከባለለ፣ እግሬ ሥር መጥቶ ቆመ።

የበርሜሉን ድምፅ ሰምቶ ውጭ ሰልፉ ተንቀሳቀሰ። «በርሜል እያወጡ ነው!» ብላ አንዲት ሴት ጮኸች። «ቅቤው ሊወጣ ነው፣ ሽጡ፣ ቶሎ ሽጡ!»