የሙት በር ድንጋይ

ጠጋ ጠጋ በሉ ልጆቼ። አንቺ ዘነበች፣ ቦታ የለም፤ እዚያች ድንጋይ ላይ ተቀመጪ። እሳቱን ተዉት፣ ይጥፋ።

ሰዓቱ እንዲህ እንደ አሁኑ ነበር፤ ሰውም ከብቱም የተከተተበት። መንገዱ ኮረብታው ላይ ካለው ከገዥው አዳራሽ ወደ መንደር የሚወርድ፣ በግራ በቀኝ ቁልቋል የቆመበት፣ ጭር ያለ። በዚያ ሰዓት ማን ይሄድበታል? አንዳርጌ የሚባል ግንበኛ ይሄድበታል፤ ብቻውን፣ ድንጋይ ተሸክሞ።

ያን ጊዜ አገሩን የሚገዙት ኖርሶች ነበሩ። ኖርሶችን ታውቃላችሁ? ከሰሜን ባሕር፣ የዘንዶ ራስ ባለው መርከብ መጥተው፣ ንጉሡን ገድለው በዙፋኑ የተቀመጡ ናቸው። ድንጋይ እንኳ የነሱ ሆነ። ለነሱ ቅጥር ካልሆነ፣ ለድሃ ጎጆ የፈለጠ ይሞታል።

ታዲያ የኖርስ ሰው ሲሞት በበር አይወጣም። ግድግዳ ይነደልና በእግሩ በኩል ያወጡታል፤ ቀዳዳውም ወዲያው ይደፈናል። ለምን? ተመልሶ እንዳይገባ ነው፤ ሙት የወጣበትን እንጂ ሌላ በር አያውቅማ!

የዚያን ቀን የሞተው ገዥው ነው። አልቫር ይሉታል፤ በቁሙም ሰው ሲያስለቅስ የኖረ ክፉ። የአዳራሹ አዛዥ አንዳርጌን ጠራውና፣

"አንተ ጭቃ አቡኪ፣ ያወጣኸውን ድንጋይ አንድ ሳታስቀር መልሰህ ግጠም። አንዲት ብትጎድል፣ የሙቱ በር እሷ ያለችበት ይሆናል" አለው።

"እሺ ጌታዬ።"

እሺ አለ እንጂ መች ሰማ! ሚስቱ ስንዱ አራስ ናት። የጎጆው ግድግዳ በክረምቱ ተንዶ፣ እሷንም የአምስት ቀን ልጇንም ነፋስ ይገርፋቸዋል። ስለዚህ አንዲት ጠፍጣፋ ድንጋይ ቁልቋል ሥር ደበቀ፤ ቦታዋን በጭቃና በሣር መረገው። ሲጨልም ተሸክሟት ወረደ።

መጀመሪያ ጅቦቹ ዝም አሉ። ቀጥሎ ድንጋይዋ ከበደች። ሰው የተቀመጠባት ያህል ከበደች። ከኋላው ኮቴ ሰማ፤ ሲቆም ይቆማል፣ ሲሄድ ይሄዳል። ዞር አለ? አላለም። እናንተ ብትሆኑ ትዞሩ ነበር?

ቤት ገባ። ድንጋይዋን ከተናደው ላይ ገጠማት፣ ጭቃ መረገባት። ነፋሱ ቆመ። ሕፃኑም ተኛ።

ዷ! ዷ! ዷ!

"ኧረ አንቱ! በሩ በዚህ በኩል አይደል? ግድግዳ የሚመታው ማነው?" አለች ስንዱ።

በድንጋይዋ ዳር ጥቁር ጣት ገባ። ሌላ ጣት ገባ። እጁ ተዘረጋ፤ ወደ ሕፃኑ ተዘረጋ።

"በሬን ክፈት፤ በርዶኛል" አለ ሙቱ ከውጭ።

"ስንዱ፣ ልጄን እቀፊልኝ! የሰረቅሁትን ልመልስ!"

ድንጋይዋን ነቅሎ፣ በደረቱ አቅፎ፣ በበሩ ወጥቶ ሮጠ። ሙቱም ጎጆውን ትቶ በሩን፣ ድንጋይዋን፣ ተከተለ። ስንዱ ሁለት ኮቴ ወደ ኮረብታው ሲርቅ ሰማች። ቆየችና አንድ ኮቴ ብቻ ሰማች።

ሲነጋ የአዳራሹ ግድግዳ ድፍን ነው። ድንጋይዋ ግን ውጭ ወድቃለች። በቦታዋ ማን ገብቷል? አንዳርጌ! ተጣጥፎ፣ እንደ ድንጋይ ተገጥሞ፣ ጭቃ ተመርጎበት።

ያ ሕፃን አደገ፤ የሁላችንም አያት እሱ ነው። ስንዱ "ባሌ የሞተባት ናት" ብላ ድንጋይዋን አስመጣቻት፤ ግድግዳ ላይ እንዳትገጠም ግን አስማለች። ከልጅ ልጅ ስትወርድ እኔ ቤት ደረሰች፤ መቀመጫ ሆነች። ሙቱም እስከ ዛሬ በሩን ይፈልጋል። በጨለማ ብቻችሁን አትሂዱ የምለው ለዚህ ነው።

ዘነበች፣ በረደሽ እንዴ?

ቀሚስሽን ማነው የያዘው?