የተነቀሉት ችካሎች

አቶ ገሰሰ በሽንፋ ከተማ ዳርቻ በሸጡት ባዶ ቦታ በግንባራቸው ተደፍተው ተገኙ። የራስ ቅላቸው ከኋላ በዲጅኖ ተፈርክሷል። ደሙ በተሰነጣጠቀው ዋልካ አፈር ላይ ፈስሶ እንደ ቅርፊት ደርቋል፤ ዝንቡ ግን ገና አልጠገበም። የቦታው ድንበር የነበሩት አራት ችካሎች ተነቅለው ተጥለዋል።

ዋና ሳጅን ዓለምፀሐይ ከሦስት ፖሊሶች ጋር ስትደርስ፣ የሟቹ የእህት ልጅ ታጠቅ የቦታውን ገዢ ስርጉትን መሬት ላይ ጥሎ ይረግጣት ነበር። ስርጉት የጤና ጣቢያ ነርስ ናት። የከበባቸው ሰው እጁን አጣጥፎ ያያል። ሳጅኗ ታጠቅን በኮሌታው ይዛ ጎተተችው።

«አጎቴን የገደለች እሷ ናት» አለ እያለከለከ።

«ማን ነገረህ?»

«አያ እንግዳው ያዩትን ነገሩኝ።»

እንግዳው ሰሊጥ ነጋዴ ነው፤ መጋዘኑ ከቦታው ጋር ይዋሰናል። በውሉ ላይ ከፈረሙት እማኞች በከተማው የቀረውም እሱ ብቻ ነው። ውሉ ቀላል ነበር፦ ስርጉት የመቶ ሃምሳ ካሬውን ዋጋ በሦስት ዓመት ከፍላ ትጨርሳለች፤ አንድ ክፍያ ካሳለፈች አቶ ገሰሰ በእማኝ ፊት ችካሎቹን ነቅለው ቦታቸውን ይወስዳሉ። ችካል ተነቀለ ማለት ውል ፈረሰ ማለት ነው።

«የጥርን ክፍያ ከፍለሻል?» ሳጅኗ ስርጉትን ጠየቀቻት።

ስርጉት ደም ተፋች። «ትናንት በዘጠኝ ሰዓት ለአያ ገሰሰ በእጃቸው ሰጠሁ። አያ እንግዳው እያዩ ነው። ሳጅን፣ ሁለት ልጆች ይዤ ከኪራይ ቤት ኪራይ ቤት ስንከራተት ነው የኖርኩት። ይሄ ቦታ ከሄደብኝ ምንም የለኝም።»

እንግዳው እያዘነ ራሱን ወዘወዘ። «ሰባራ ሳንቲም አልሰጠችም። አመሻሽ ላይ ገሰሰ ተናደው መጡ። መሬቱ ደረቅ ስለሆነ በጀሪካን ውሃ እያፈሰሱ አራቱንም ችካል በእጃቸው ሲነቅሉ ቆሜ አየሁ። እሷ እየተሳደበች ስትመጣ ወደ ቤቴ ገባሁ። መግባት አልነበረብኝም።»

እንባውም አቀረረ። ማልቀስስ ያውቅበታል። ዲጅኖውም የስርጉት ነበር፤ መሠረት ልታስቆፍርበት ገዝታ እዚያው ትታዋለች።

ሳጅኗ ተንበርክካ የሟቹን መዳፎች አንድ በአንድ ገልጣ አየች። ከዚያ ታጠቅን ወደ ጎን ወሰደችው።

«ቦታው አሁን የማን ነው?»

«የኔ። ሌላ ወራሽ የለም።»

«ሽጥልኝ ያለህ ሰው አለ?»

ታጠቅ ዞር ብሎ ነጋዴውን አየ። «አያ እንግዳው። ዛሬ ጠዋት፣ በሦስት እጥፍ።»

ሳጅኗ ሁሉንም አስከሬኑ አጠገብ ሰበሰበቻቸው።

«ዋልካ ሲርስ እንዴት እንደሚጣበቅ ታውቃላችሁ። አቶ ገሰሰ አራት ችካል በእጃቸው ከነቀሉ፣ እጃቸው ላይ ጭቃ የት አለ?»

«ታጥበው ይሆናል» አለ እንግዳው።

«ይሁን። ይሄንንስ?» ከሟቹ ራስ አጠገብ ከነበረው የችካል ጉድጓድ ፈስሶ የደረቀውን ጭቃ በቢላዋ አነሳችው። ከሥሩ የደረቀ ደም ታየ። «ጭቃው ከደሙ በላይ ነው። መጀመሪያ ሰውየው ተገደሉ፤ ውሃው የፈሰሰውና ችካሉ የተነቀለው ከዚያ በኋላ ነው። የሞተ ሰው ችካል አይነቅልም። ስርጉትም የገዛ ውሏን አታፈርስም። ሲነቅሉ አየሁ ያሉት እርስዎ ብቻ ነዎት፣ አቶ እንግዳው። ቦታውን ለኔ ይሽጡልኝ ብለዋቸው አቶ ገሰሰ ቃሌን አላጥፍም ሲሉዎት ገደሏቸው፤ ወራሹ እንደሚሸጥልዎት ያውቃሉ። ትናንት ያደረጉትን ጫማ ያምጡልኝ፤ ጭቃው ተጣብቆበት እንደሆነ እንይ።»

እንግዳው ጫማ አላመጣም። ከወገቡ ጩቤ መዝዞ ስርጉት ላይ ተወረወረ። ሳጅኗ በዱላ ክንዱን ስትመታው አጥንቱ ሲሰበር ሁሉም ሰሙ። ታጠቅ ላዩ ላይ ወጥቶ ፊቱን በድንጋይ ይወቅጠው ጀመር፤ ሦስቱ ፖሊሶች ተረባርበው ነው ያላቀቁት።

እንግዳው በካቴና ሲወሰድ ታጠቅ ወደ ስርጉት ቀረበ። አፍሯል፤ ማፈርም ይገባዋል።

«ቦታው ያንቺ ነው» አላት። «ቀሪውን እንደ አጎቴ ውል ለኔ ትከፍያለሽ። እማኝም እንፈልጋለን።»

ስርጉት ያበጠ ከንፈሯን በነጠላዋ ጠረገች።

«እከፍልሃለሁ። በባንክ ግን ነው፤ ከእንግዲህ እማኝ አልፈልግም።»